የ1971 የማርሻል ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ እግር ኳስ የውድድር ዘመን

የ1971 የማርሻል ዩኒቨርሲቲ የውድድር ዘመን የሚባለው በአሜሪካ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ግዛት፣ ሀንቲንግተን ከተማ የሚገኘው የማርሻል ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን በ1971 እ.ኤ.አ. ያደረጋቸው 10 ጨዋታዎች ናቸው። ቡድኑ 2 ጨዋታዎችን አሸንፎ በ8ቱ ተሸንፏል። ይህ ውጤት በቁጥር ብቻ ሲታይ ደካማ ነው። ሆኖም ከአሥር ወራት በፊት ቡድኑን ይዞ ሲመለስ የነበረ አውሮፕላን ተከስክሶ የተሳፈሩት 75 ሰዎች በሙሉ ስላለቁ፣ የዚያ ዓመት ዋና ጥያቄ ቡድኑ ያሸንፋል ወይ የሚለው ሳይሆን ጨርሶ ወደ ሜዳ ይመለሳል ወይ የሚለው ነበር። በዚህ ምክንያት ወቅቱ በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ታሪክ ውስጥ በብዛት ከሚወሱት አንዱ ሆኗል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብለው ከተጻፉት በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አጭር መረጃ

• ዩኒቨርሲቲ፦ ማርሻል ዩኒቨርሲቲ፣ ሀንቲንግተን፣ ዌስት ቨርጂኒያ
• የቡድኑ መጠሪያ፦ ተንደሪንግ ኸርድ (እንደ ነጎድጓድ የሚያስገመግም መንጋ ማለት ነው)
• ቀለም፦ አረንጓዴና ነጭ
• ዋና አሠልጣኝ፦ ጃክ ሌንግየል (የመጀመሪያ ዓመቱ)
• ሜዳ፦ ፌርፊልድ ስታዲየም
• ውጤት፦ 2 ድል፣ 8 ሽንፈት

ስፖርቱና የኮሌጅ ውድድሩ

በኢትዮጵያና በአብዛኛው ዓለም እግር ኳስ የሚባለው ስፖርት በአሜሪካ «ሶከር» ይባላል። አሜሪካውያን «ፉትቦል» የሚሉት ሞላላ ኳስ በእጅ ተይዞ፣ ተወርውሮ ወይም ተመትቶ የሚካሄድ ሌላ ጨዋታ ነው። በእያንዳንዱ ቡድን 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ኳሱን የያዘው ቡድን 10 ያርድ (9 ሜትር ገደማ) ወደፊት ለመሄድ አራት ሙከራዎች ይሰጡታል። ከተሳካለት ሌላ አራት ሙከራ ያገኛል። ካልተሳካለት ኳሱ ለተጋጣሚው ይሆናል።

ኳሱን እስከ ሜዳው መጨረሻ ክልል ድረስ ማድረስ ታችዳውን ይባላል፤ 6 ነጥብ ያስገኛል። ከታችዳውን በኋላ ኳሱን በቋሚዎቹ መካከል መትቶ በማሳለፍ 1 ተጨማሪ ነጥብ ማግኘት ይቻላል። በጨዋታ መካከል ኳሱን በቋሚዎቹ መካከል መትቶ ማሳለፍ ፊልድ ጎል ይባላል፤ 3 ነጥብ አለው። ማጥቃቱን የሚመራውና ኳሱን የሚያከፋፍለው ተጫዋች ኳርተርባክ ነው።

በአሜሪካ የኮሌጅ ቡድኖች እንደ ትልልቅ ክለቦች ይታያሉ። በተለይ ትልቅ ክለብ በሌላቸው ከተሞች የዩኒቨርሲቲው ቡድን የከተማው ቡድን ነው። ሀንቲንግተንም ከእነዚህ ከተሞች አንዷ ናት። የኮሌጅ ስፖርት ደንቦችን የሚያወጣው አካል ብሔራዊ የኮሌጆች አትሌቲክስ ማኅበር ሲሆን በተለምዶ ኤንሲኤኤ ይባላል። በዚያ ዘመን ኮሌጆች ተጫዋች አይገዙም ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን መልምለው፣ ብዙ ጊዜ የትምህርት ወጪያቸውን ሸፍነው ያስመጡ ነበር። ስለዚህ አንድ ቡድን ተጫዋቾቹን በአንድ ጊዜ ቢያጣ ከሌላ ቡድን ገዝቶ የሚተካበት መንገድ አልነበረውም።

ከአደጋው በፊት

ማርሻል በ1960ዎቹ መጨረሻ ጠንካራ ቡድን አልነበረም። በተከታታይ 27 ጨዋታዎች ሳያሸንፍ ቆይቶ በ1969 ቦውሊንግ ግሪንን በማሸነፍ ከዚያ ወጣ። በዚያው ዓመት በተጫዋቾች ምልመላ ላይ በተገኘ የደንብ ጥሰት ምክንያት ይወዳደርበት ከነበረው ሚድ አሜሪካን ኮንፈረንስ ታገደ፤ አሠልጣኙ ፔሪ ሞስም ተነሥቶ ሪክ ቶሊ ተተካ። ቶሊ ቡድኑን እንደገና ማነጽ በጀመረበት በ1970 ማርሻል 9 ጨዋታዎች አድርጎ 3 አሸነፈ፣ በ6ቱ ተሸነፈ። የቀረው ከኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚደረግ አንድ ጨዋታ ነበር።

የኅዳር 5 ቀን 1963 ዓ.ም. አደጋ

ኖቬምበር 14 ቀን 1970 (ኅዳር 5 ቀን 1963 ዓ.ም.) ማርሻል በሰሜን ካሮላይና፣ ግሪንቪል ከተማ ከኢስት ካሮላይና ጋር ተጫውቶ 17 ለ 14 ተሸነፈ። ቡድኑ በዚያው ምሽት በሳውዘርን ኤርዌይስ የበረራ ቁጥር 932 ዲሲ-9 አውሮፕላን ወደ ሀንቲንግተን ተመለሰ። አየሩ ዝናባማና ጭጋጋማ ነበር። አውሮፕላኑ ወደ ትራይ ስቴት አውሮፕላን ማረፊያ ሲቃረብ ከሚገባው በታች ዝቅ ብሎ ከማኮብኮቢያው በፊት ባለ ኮረብታ ላይ ዛፎችን መታና ተከሰከሰ።

ከሞቱት 75 ሰዎች መካከል 37ቱ ተጫዋቾች፣ 5ቱ የበረራ ሠራተኞች ነበሩ። ሌሎቹ ዋና አሠልጣኙ ቶሊ፣ ረዳቶቹ፣ የስፖርት ክፍሉ ኃላፊዎችና ቡድኑን አጅበው የሄዱ የከተማዋ ነዋሪዎች ናቸው። ከነዋሪዎቹ መካከል ሐኪሞችና ታዋቂ ነጋዴዎች ይገኙበታል። በአደጋው 70 ልጆች ከወላጆቻቸው ቢያንስ አንዱን አጡ፤ ከእነርሱም 18ቱ እናትም አባትም አልቀረላቸውም። ማንነታቸውን መለየት ያልተቻለ ስድስት ተጫዋቾች በከተማዋ በሚገኘው ስፕሪንግ ሂል መካነ መቃብር ጎን ለጎን ተቀበሩ። አደጋው በአሜሪካ ታሪክ ከስፖርት ቡድን ጋር በተያያዘ ከደረሱት የአውሮፕላን አደጋዎች ሁሉ የከፋው ነው።

የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ባደረገው ምርመራ፣ አውሮፕላኑ ማኮብኮቢያው ሳይታይ ከተፈቀደው ዝቅተኛ ከፍታ በታች መውረዱን አረጋግጧል። ለምን እንደወረደ ግን በእርግጠኝነት መለየት አልቻለም። ከፍታ የሚለካው መሣሪያ ስሕተት ወይም የመሣሪያዎቹ ንባብ በአግባቡ አለመወሰዱ እንደ ሁለት አማራጭ ምክንያቶች ተቀምጠዋል።

የቀረው የኦሃዮ ጨዋታ ተሰረዘ፤ የ1970 የውድድር ዘመንም በዚሁ አበቃ።

ይፍረስ ወይስ ይቀጥል

ከቀብሩ በኋላ ዩኒቨርሲቲው የአሜሪካ እግር ኳስን ጨርሶ መተው አለበት የሚሉ ነበሩ። ሐሳባቸው ሁለት ምክንያት ነበረው። አንደኛው ሐዘኑ ነው፤ ልጆቻቸውን፣ ባሎቻቸውንና ወላጆቻቸውን የቀበሩ ሰዎች ባሉበት ከተማ በየቅዳሜው ጨዋታ ማድረግ ለብዙዎች የሚታሰብ አልነበረም። ሁለተኛው ተግባራዊ ነው፤ አሠልጣኝም ተጫዋችም አልነበረም።

ይቀጥል ከሚሉት ግንባር ቀደሞቹ በጉዳት ወይም በሌላ ምክንያት ከጉዞው የቀሩት ጥቂት ተጫዋቾች ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ፣ ተከላካዩ ኔት ሩፊን፣ በጉዳት ምክንያት አውሮፕላኑ ላይ አልነበረም። በኋላም የአዲሱ ቡድን አምበል ሆኗል። የዩኒቨርሲቲው ተጠባባቂ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ዴድመን ቡድኑ እንዲቀጥል ወሰነ።

ውሳኔው አሠልጣኝ ማግኘትን ቀላል አላደረገውም። ሥራውን የተቀበለ አንድ አሠልጣኝ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሐሳቡን ቀይሮ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። በመጨረሻ በኦሃዮ የሚገኘው የትንሹ ዉስተር ኮሌጅ አሠልጣኝ ጃክ ሌንግየል በ1971 የፀደይ ወራት ኃላፊነቱን ተረከበ። ከቀድሞው የአሠልጣኞች ቡድን ረዳት አሠልጣኙ ዊልያም «ሬድ» ዳውሰን አብሮት ለአንድ ዓመት ሠራ። ዳውሰን አደጋው በደረሰ ዕለት ለተጫዋች ምልመላ በመኪና እየተጓዘ ስለነበር ተርፏል። ከ1971 በኋላ አሠልጣኝነቱን ትቷል።

የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ጉዳይ

በዚያ ዘመን በነበረው የኤንሲኤኤ ደንብ መሠረት ፍሬሽማን የሚባሉት የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በዋናው ቡድን ውስጥ መሰለፍ አይችሉም ነበር። የራሳቸው የአንደኛ ዓመት ቡድን ነበራቸው። በ1970 የማርሻል የአንደኛ ዓመት ተጫዋቾች ወደ ግሪንቪል ያልተጓዙትም በዚህ ምክንያት ነው። ያለ ልምድ እንዲቆዩ ያደረጋቸው ደንብ ሕይወታቸውን አትርፏል። በ1971 እነዚህ ልጆች ሁለተኛ ዓመት ስለገቡ በደንቡ መሠረት መጫወት ይችሉ ነበር፤ ኳርተርባኩ ሬጂ ኦሊቨር ከእነርሱ አንዱ ነው።

ይሁን እንጂ እነርሱ ብቻቸውን ለአንድ ሙሉ ቡድን አይበቁም ነበር። ስለዚህ ማርሻል አዲስ የተመለመሉት የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችም በዋናው ቡድን እንዲሰለፉ ልዩ ፈቃድ ጠየቀና አገኘ። ይህ ዓይነቱ ፈቃድ ቀደም ሲል ለዊቺታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተሰጥቶ ነበር። የዊቺታ ስቴትን ቡድን ከያዙት ሁለት አውሮፕላኖች አንዱ ኦክቶበር 2 ቀን 1970፣ ማለትም ከማርሻል አደጋ ስድስት ሳምንት በፊት፣ በኮሎራዶ ተከስክሶ 31 ሰዎች ሞተው ነበር። ዊቺታ ስቴትም የዚያን ዓመት ውድድሩን በአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ታግዞ ጨርሷል። ክልከላው ከ1972 ጀምሮ ለሁሉም ኮሌጆች ተነሣ።

የተቀሩት ቦታዎች ያለ ምልመላ በራሳቸው ፈቃድ በመጡ ተማሪዎችና ከሌሎች የስፖርት ዓይነቶች በተገኙ ልጆች ተሞሉ። ቡድኑ በዕድሜው ማነስ «ወጣቱ ተንደሪንግ ኸርድ» ተባለ።

የአጨዋወት ስልት

ሌንግየል መጀመሪያ ያሰበው ግዙፍና ጠንካራ ተጫዋቾችን የሚጠይቅ፣ ተከላካዮችን በጉልበት ገፍቶ መንገድ የሚከፍት አሰላለፍ ነበር። ያሉት ልጆች ግን ለዚያ አልደረሱም። ስለዚህ «ቪር» ወደሚባለው ስልት ዞረ። ቪር በ1960ዎቹ በሂውስተን ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ቢል ዮማን የዳበረ ስልት ነው።

የቪር መሠረታዊ ሐሳብ አንድን ተከላካይ ሆን ብሎ ሳያግዱ መተው ነው። ኳርተርባኩ ያንን ተከላካይ ይመለከታል። ተከላካዩ ወደ ኳርተርባኩ ከመጣ ኳሱ በመሃል ለሚሮጠው ተጫዋች ይሰጣል። ተከላካዩ መሃሉን ከዘጋ ኳርተርባኩ ኳሱን ይዞ ወደ ውጭ ይሮጣል። ሌላ ተከላካይ ከፊቱ ከመጣ ደግሞ ኳሱን አጠገቡ ለሚሮጠው ሌላ ተጫዋች ይወረውራል። በዚህ መንገድ የጉልበት ማነስ በፈጣን ውሳኔ ይካካሳል፤ ጠንካራውን ተከላካይ መግፋት አያስፈልግም፣ የመረጠው ምርጫ ሁሉ ስሕተት እንዲሆንበት ማድረግ ይበቃል። በሌላ በኩል ስልቱ ከአንድ ልምድ የሌለው ኳርተርባክ በሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ ትክክለኛ ውሳኔ ይጠይቃል።

ስልቱን ለመማር የማርሻል አሠልጣኞች ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። በወቅቱ የዚያ ቡድን አሠልጣኝ ቦቢ ባውደን የራሱን የጨዋታ ፊልሞችና የአጨዋወት ዕቅዶች ከፍቶ አሳያቸው። የአንድ ግዛት ቡድኖች ተጫዋች ለመመልመል የሚሻሙ በመሆናቸው ይህ የተለመደ አልነበረም። የዌስት ቨርጂኒያ ተጫዋቾችም የማርሻልን ሟቾች ለማሰብ በራስ ቁራቸው ላይ አረንጓዴ መስቀልና የማርሻልን ምሕፃረ ቃል አድርገው ተጫውተዋል።

ጨዋታዎቹ

የመጀመሪያው ጨዋታ

ሴፕቴምበር 18 ቀን 1971 (መስከረም 7 ቀን 1964 ዓ.ም.) ማርሻል ከአደጋው በኋላ የመጀመሪያ ጨዋታውን ከሜዳው ውጭ ከሞርሄድ ስቴት ጋር አደረገ። 29 ለ 6 ተሸነፈ።

የዛቪየር ጨዋታ

ሴፕቴምበር 25 ቀን 1971 (መስከረም 14 ቀን 1964 ዓ.ም.) ፌርፊልድ ስታዲየም ከአደጋው ወዲህ የመጀመሪያውን ጨዋታ አስተናገደ። ተጋጣሚው ከሲንሲናቲ የመጣው የዛቪየር ዩኒቨርሲቲ ነበር። ማርሻል በፊልድ ጎል 3 ነጥብ፣ በኋላም በአንድ ታችዳውን 6 ነጥብ አገኘ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲቃረብ ግን ዛቪየር 13 ለ 9 ይመራ ነበር። የአራት ነጥቡን ልዩነት በፊልድ ጎል መሙላት ስለማይቻል ማርሻል የግድ ታችዳውን ያስፈልገው ነበር።

በመጨረሻው ሙከራ ኦሊቨር ኳሱን ይዞ ወደ አንድ ጎን ሮጠ፤ ተከላካዮቹም ተከተሉት። ከዚያ ኳሱን ወደ ተቃራኒው ጎን ለአንደኛ ዓመት ተማሪው ቴሪ ጋርድነር በአጭሩ ወረወረለት። ጋርድነር ከፊቱ የነበሩት የቡድን ጓደኞቹ በከፈቱለት መንገድ ሮጦ የ13 ያርዱን ታችዳውን አስቆጠረ። ሰዓቱም በዚያው አለቀ። ውጤቱ 15 ለ 13 ሆነ። ኳሱን ተቀብሎ ያስቆጠረው ተጫዋች ያለ ልዩ ፈቃዱ በዚያ ሜዳ ላይ ሊሰለፍ የማይችል የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበር። ደጋፊዎች ሜዳውን ሞሉት፤ ብዙዎችም ከጨዋታው በኋላ ለረጅም ጊዜ ከስታዲየሙ አልወጡም።

ቀሪዎቹ ጨዋታዎች

ድሉ የቡድኑን ድክመት አላስቀረም። በቀጣዩ ሳምንት ማርሻል በኦሃዮ በሚገኘው ማያሚ ዩኒቨርሲቲ 66 ለ 6 ተሸነፈ። በተከታዮቹ ጨዋታዎችም የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ተማሪዎችን ያሰለፉ ቡድኖች በአካልም በልምድም በለጡት። ከተጋጣሚዎቹ አንዱ የነበረው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ከ1969 እስከ 1971 በተከታታይ 35 ጨዋታዎችን ያሸነፈ ቡድን ነው።

ሁለተኛው ድል የመጣው የቀድሞ ተመራቂዎች ወደ ዩኒቨርሲቲው በሚመለሱበት ዓመታዊ በዓል ላይ ነው። ማርሻል ቦውሊንግ ግሪንን 12 ለ 10 አሸነፈ። በ1969 ያ ረጅም የሽንፈት ጊዜ ያበቃውም በዚሁ ቡድን ላይ በተገኘ ድል ነበር። ከዚህ በኋላ ማርሻል በዚያ ዓመት ሌላ ጨዋታ አላሸነፈም።

ከሌሎች ቡድኖች ጋር ሲነጻጸር

በአውሮፕላን አደጋ ተጫዋቾቹን ያጣ ቡድን ማርሻል ብቻ አይደለም። የጣሊያኑ ቶሪኖ በ1949 የሱፐርጋ አደጋ ዋና ተጫዋቾቹን አጥቶ የቀሩትን የሊግ ጨዋታዎች በወጣት ቡድኑ ጨርሷል፤ ተጋጣሚዎቹም በአክብሮት ወጣት ቡድኖቻቸውን አሰልፈዋል። ማንችስተር ዩናይትድ በ1958 በሙኒክ 8 ተጫዋቾቹ ቢሞቱም በዚያው ዓመት የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ደርሷል። የዛምቢያ ብሔራዊ ቡድን በኤፕሪል 1993 ከጋቦን ጠረፍ አጠገብ በደረሰ አደጋ ካለቀ በኋላ እንደ አዲስ ተዋቅሮ በ1994 የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ደረሰ፤ በናይጄሪያም 2 ለ 1 ተሸነፈ።

የማርሻል ሁኔታ ከእነዚህ የሚለየው በተተኪዎቹ ምንጭ ነው። ማንችስተር ዩናይትድ ተጫዋቾችን መግዛት ይችል ነበር፤ ዛምቢያም በውጭ አገር የሚጫወቱ እንደ ካሉሻ ብዋሊያ ያሉ ታዋቂ ተጫዋቾች ነበሯት። ማርሻል ግን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገና የወጡ ልጆችን ከማሰለፍ ሌላ አማራጭ አልነበረውም። ተጋጣሚዎቹም ዋና ቡድኖቻቸውን ነው ያሰለፉት። በዚህ መለኪያ ሁለት ድል ከሚጠበቀው በላይ ነው።

ከ1971 በኋላ

የቡድኑ ማገገም ፈጣን አልነበረም። ሌንግየል እስከ 1974 ቆይቶ በአጠቃላይ 9 ጨዋታ አሸንፎ በ33 ተሸንፏል። በኋላ በአሜሪካ የባሕር ኃይል አካዳሚ የስፖርት ዳይሬክተር ሆኖ ሠርቷል። ማርሻል ከተሸነፈባቸው ጨዋታዎች ያሸነፋቸው የበለጡበት የመጀመሪያው የውድድር ዘመን 1984 ነው፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ዓመት የነበረው በ1964 ነበር። ከዚያ በኋላ ቡድኑ በ1992 እና በ1996 በነበረበት ምድብ የአገር አቀፍ ሻምፒዮን ሆነ። በ1999 ደግሞ በከፍተኛው ምድብ 13 ጨዋታዎችን ሁሉ አሸነፈ። ራንዲ ሞስና ቻድ ፔኒንግተን ከዚያ ዘመን ታዋቂ ተጫዋቾቹ መካከል ናቸው።

በአንጻሩ በዚያ የመስከረም ቀን የተሸነፈው ዛቪየር በገንዘብ ችግር ምክንያት ከ1973 በኋላ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድኑን ዘግቷል። በ1970 መጨረሻ ብዙዎች ይዘጋል ብለው የጠበቁት የማርሻል ቡድን ግን እስከ ዛሬ ይጫወታል።

መታሰቢያ

በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ በቀራፂው ሃሪ በርቶያ የተሠራ የመታሰቢያ ፏፏቴ አለ። የተመረቀው ኖቬምበር 12 ቀን 1972 ነው። በየዓመቱ ኖቬምበር 14 በሚደረገው ሥነ ሥርዓት የሟቾቹ ስም ይነበባል፤ ከዚያም የፏፏቴው ውኃ ይዘጋል። እስከ ቀጣዩ ፀደይም ሳይፈስ ይቆያል።

በስፕሪንግ ሂል መካነ መቃብር ስድስቱ ያልታወቁ ተጫዋቾች ባረፉበት ቦታ የመታሰቢያ ሐውልት ቆሟል። በ2001 ያረፈው አምበሉ ኔት ሩፊን በቡድን ጓደኞቹ አጠገብ ተቀብሯል።

በፊልም

ስለ አደጋውና ስለ ቡድኑ መመለስ በ2000 አንድ ዘጋቢ ፊልም ተሠርቷል። በ2006 ደግሞ «እኛ ማርሻል ነን» የሚል ትርጉም ያለው የሆሊዉድ ፊልም ወጥቷል። በዚህ ፊልም ማቲው ማኮናሂ ሌንግየልን፣ ማቲው ፎክስ ዳውሰንን ሆነው ይተውናሉ። ታሪኩ በዛቪየር ጨዋታ ላይ ይደመደማል። ከዚያ የተከተሉት ሰባት ሽንፈቶችና አንድ ድል፣ ከዚያም የማሸነፍ ወቅት እስኪመጣ ያለፉት ረጅም ዓመታት በፊልሙ ዋና ታሪክ ውስጥ አይታዩም።